አረንጓዴዋ ቀስት

ሰላም ሰሞኑን ክብና ቀስት ብቻ ነው የሚታያት! ወልቂጤ፣ እነሱ ቤት ሳሎን ግድግዳ ላይ ትልልቅ ወረቀት ለጥፋ ቤተሰቡን በሙሉ ሥላዋለች። ሰው ሁሉ ክብ ነው፣ ከወላጅ ወደ ልጅ ቀስት ይሄዳል፣ አለቀ! ይሄው ሥዕል ላፕቶፑ ውስጥም አለ። የኮምፒውተር ክበቡ መምህር "ሰው በዓይኑ ያነበዋል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ቀስቱን ተከትሎ ማን ለማን ምን እንደሆነ ራሱ ይደርስበታል" ካሏት ወዲህ ልቧ ጥፍት ብሏል። ለእህቷ ለረድኤት ስጦታ ነው እኮ! ነገ የፍቅረኛዋ የአማኑኤል ሽማግሌዎች ረድኤትን ለጋብቻ ሊጠይቁ ከቡታጅራ ይመጣሉ።

"ሬዱ ነይ! ደስ ያለሽን ጠይቂው!"

ረድኤት የጥፍር ቀለሟን ይዛ መጣች። "እሺ፣ እኔና አማኑኤል ምንና ምን ነን በይው" አለች፣ እየሳቀች።

ሰላም ጻፈች። ስክሪኑም መለሰ፦ "የወንድምና የእህት ልጆች ናቸው።"

የጥፍር ቀለሙ ምንጣፉ ላይ ተደፋ።

"ሰሊ፣ እየቀለድሽ ነው አይደል?"

"እኔ ምን አደረግኩ! ራሱ ነው ያለው!"

ሰላም ጣቷን ግድግዳው ላይ አስኬደች። ከአያታቸው ከአባባ ደስታ አንዱ ቀስት ወደ እናታቸው ወደ እቴነሽ፣ ሌላው ወደ ኢዮብ፣ ከኢዮብ ደግሞ ወደ አማኑኤል። ወይኔ ጉዷ! አባባ ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን በስልክ ሲቆጥሩላት የክቡን ማማር እንጂ ማን ከማን እንደሆነ መች አየች!

"ለዚህ ነዋ እማዬ 'እነአማኑኤልን እናውቃቸዋለን' የምትለው!" ረድኤት እንባዋ መጣ። እነሱ ጋ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው የሚጋባው፤ የአጎት ልጅማ ማን ያስበዋል!

ለነገው ብለው ከቡኢ የመጡት አባባ ደስታ ጩኸቱን ሰምተው ከግቢ ገቡ። "ምን ሆናችሁ?"

"አባባ፣ ኢዮብ ልጅዎ ነው?" አለች ሰላም።

"ልጄ ነዋ! ያውም የምወደው!"

ረድኤት ሶፋው ላይ ዘጭ አለች።

"ማለቴ..." አለች ሰላም፣ "ወልደውታል?"

"መውለዱንማ የጉንችሬ ሰዎች ወለዱት። ልጅ ሆኖ እንዲማር አምጥተው ሰጡኝ፣ ከእናታችሁ ጋር ካንድ ሳህን እየበላ አደገ። ምነው?"

ሁለቱም እኩል ጮኹ! ሰላም አባባን አቅፋ አገላብጣ ሳመቻቸው። እነሱ ቤት የተወለደና ያደገ ብሎ ለይቶ የቆጠረ ሰው የለም፤ ኮምፒውተሩ ምን ያድርግ፣ ወላጅ ያለችውን ቀስት ወላጅ ብሎ አነበባት!

ሰላም የኢዮብን ቀስት ሰርዛ በነጠብጣብ ሳለችው። አባባ ፊታቸው ተለወጠ።

"ይቺ ለምን ተቆራረጠች? ኢዮብ ከማን ያንሳል?"

"አባባ፣ ለኮምፒውተሩ እኮ ነው..."

"ለኮምፒውተሩም ንገሪው!"

እውነታቸውን ነው። ሰላም ነጠብጣቡን አጥፍታ ወፍራም አረንጓዴ ቀስት ሰራች፣ ከሁሉም የምታምር! ላይዋ ላይ "አሳደገ" ብላ ጻፈችባት፣ ላፕቶፑ ውስጥም እንደዛው። ከዚያ ድጋሚ ጠየቀችው።

"የሥጋ ዝምድና የላቸውም። የአማኑኤልን አባት ያሳደጉት የረድኤት አያት ናቸው።"

"እልልልል!"

እናታቸው ከሱቅ እየሮጠች ገባች። "እንዴ! ሽማግሌዎቹ ዛሬ መጡ?"

አባባ ግን ግድግዳው ላይ እንዳፈጠጡ ነበር። "ቆይ፣ እኔ ነገ በማን ወገን ነው የምቀመጠው?"

ሰላም እየፈነጠዘች ሁለቱ ቀስቶች የሚነሱበትን የእሳቸውን ክብ በጣቷ መታ መታ አደረገችው።

"መሃል ነዋ አባባ! ይኸው እዚህ!"