አራተኛው ግልባጭ

ጧ! ከግድግዳው ወዲያ ከፒያኖው አምስት ድምፅ ባንዴ ወደቀ፤ የድስት ክዳን ከነጭልፋው ሲወድቅ እንደሚሰማው። ዓይኔን ሳልገልጥ «ማስትሮ ተነሥቷል» አልኩ። ማስትሮ የእህቴ ባል ነው። ስሙን፣ የሙዚቃ ሊቅ ለማለት፣ ያወጣሁለት ለሹፈት ነበር፤ እሱ ግን ሙገሳ መስሎት ወደደው።

ከዓለም ሙዚቃ ሁሉ አንዲት ኮርድ፣ አንዲት የድምፆች ጥምር፣ መርጦ ሙጭጭ ብሎባታል። ዶሚናንት ናት፤ ሶል፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋ። ጤነኛ ሰው ይመታትና ዶ ላይ ያሳርፋታል፤ ደጅ የሚያንኳኳ እንግዳ እንደ ማስገባት ነው። የጃዝ ሰዎች ደግሞ ሬዋን በግማሽ ድምፅ ከፍ አድርገው፣ ዝቅ ያለች ላ ይደርቡባታል፤ ያኔ እንግዳው ማንኳኳቱን ትቶ በሩን ይቧጥጣል። እስከዚህ እኔም ይገባኛል። ማስትሮ ግን እንግዳውን አንድም ቀን አስገብቶት አያውቅም። ይገለብጠዋል።

«ግልባጭ ማለት» ይላል ጣቱን ቀስሮ፣ «ድምፆቹ ያው ሆነው ከታች የሚቀመጠው ሲለወጥ ነው። ሲ ከታች፣ አንደኛ ግልባጭ። ሬ ከታች፣ ሁለተኛ...»

እህቴ የቢሮ ጸሐፊ ናት። መጀመሪያ ሰሞን «ግልባጩ ለማን ይላክ? ለሰው ኃይል ወይስ ለፋይናንስ?» እያለች ትስቅ ነበር።

ዛሬ ጠዋት አልሳቀችም። የአንድ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ደጅ ጠንታ፣ ከሰዓት በኋላ ለሆቴሉ ባንድ እንዲፈተን ቀጠሮ አስይዛለታለች። ሸሚዙን ተኩሳ ወንበር ላይ ሰቀለችና «ይሄ ካመለጠህ ሁለተኛ ስላንተ ሰው ፊት አልቆምም» ብላው ሥራ ገባች።

ማታ ስትመለስ ሸሚዙ እንደተሰቀለ ነው።

«አልሄድክም?»

«አራተኛው ግልባጭ አልጠራልኝማ! ያቺ ዝቅ ያለችው ላ ከታች ስትሆን ኮርዱ ማንነቱን ይስታል። እንዲህ ሆኜ ሰው ፊት ልቅረብ?»

«ኧረ ጋሼ፣» አልኩ ከበሩ፣ «ሆቴል እራት የሚበላ ሰው ግልባጭ አይቆጥርም።»

«አንተ ዝም በል፣ ጆሮህ ቆርቆሮ ነው።»

«ቆርቆሮም ዝናቡ ሲያባራ ያርፋል።»

እህቴ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አላወረደችም። «መቼ ነው የሚያርፈው?» አለች ቀስ ብላ።

«ማን?»

«ኮርዱ።»

በአፍንጫው ሳቀ። «ማሳረፍማ ማንም ያሳርፋል!»

ፊቱን ወደ ፒያኖው መለሰ። እሷ ሸሚዙን ከወንበሩ አንሥታ፣ እጅጌዎቹን አስተካክላ አጠፈችና ፒያኖው ላይ አስቀመጠችው። በአጠገቤ ስታልፍ አላየችኝም።

ጧ!

«ስሚ እስቲ! አሁን ጠራ አይደል?» አለ ሳይዞር።

የጫማዋ ድምፅ ደረጃውን እየወረደ ነበር።