የተቃኑት ፎቶዎች

ውሃ ልክ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣላት ታናሽ ወንድሟ ነው። ፎቶ ቤት በነበራት ዘመን ጠማማ ፎቶ ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። ሙሽራም ይሁን የመታወቂያ ጉርድ፣ ትከሻው ከፍ ዝቅ ካለ ደንበኛው ቢቸኩልም ቢለምናትም እንደገና ታስቀምጠዋለች። "አንቺ እኮ ግንበኛ መሆን ነበረብሽ" ይላታል ወንድሟ። ፎቶ ቤቱን ዘግታ፣ ጉልበቷ አስቸግሯት፣ ሐኪም "ጠዋት ጠዋት በእግርዎ ይሂዱ" ካላት ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆነች። ሐኪሙ ያዘዘው ለጉልበቷ ነበር፤ እሷ ልቧንም ጨምራ ሰጠችው። ስልኳን በኪሷ፣ የውሃ ጠርሙሷን በእጇ ይዛ ከከተማው ጀርባ ያለውን የተራራ መንገድ ትያያዘዋለች። ጥዶቹን ታነሳለች፤ ጭጋጉን ታነሳለች፤ በቁልቁለቱ ላይ የተደረደሩትን የመብራት ምሰሶዎችና ከታች የሚታየውን የቆርቆሮ ጣሪያ ታነሳለች። ዕድሜዋን ሙሉ ከሰው ፊት ጋር ስትጨቃጨቅ ለኖረች ሴት፣ "ዓይኔን ጨፍኛለሁ፣ ድገሚልኝ" የማይል ዛፍ ትልቅ ዕረፍት ነው።

ፎቶዎቹን ለወንድሟና ለሚስቱ ትልክላቸዋለች። ቤታቸው እዚያው ተራራው ግርጌ ነው፤ ከጎረቤታቸው ከልብስ ሰፊዋ ጋር የሚለያቸው አንድ አጥር ብቻ ነው። ወንድሟ ባለታክሲ በመሆኑ ፎቶዎቹን የሚያየው መብራት ሲይዘው ነው። "እትዬ፣ የኛን ጣሪያ ዛሬ ደግሞ አሳምረሽዋል" ብሎ ይመልስላታል።

በዚህ ዓመት ዝናቡ ከገባ በኋላ ግን ፎቶዎቿ መጣመም ጀመሩ። መጀመሪያ ትንሽ ነበር። ስልኳን ቀጥ አድርጋ ይዛ፣ ትንፋሿን ውጣ ታነሳለች፤ ቤቷ ገብታ ስታየው ምሰሶዎቹ ወደ ግራ ዘንበል ብለዋል። በማግስቱ ክንዷን ከጎኗ ጋር አጣብቃ አነሳች፤ ያው ነው። በሳምንቱ ብሶ አገኘችው። ያን ጊዜ ልቧ ስንጥቅ አለ።

እናታቸውን የገደለው በሽታ የጀመረው ከእጅ ነው። ሾርባው ከማንኪያው እየፈሰሰ፣ ቀጥ ያለ መስመር ማስመር አቅቷት፣ ቀስ በቀስ ወደ ጭንቅላቷ ወጣ። በመጨረሻ "ቤቱ ሊወድቅ ነው፣ ውጡ" እያለች ልጆቿን ከመኝታቸው የምታስነሳ ሴት ሆና ሞተች። ውሃ ልክ ታላቋ ናትና ያስታመመቻት እሷ ነች። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ። ወንድሟ ይህን ከሰማ እንቅልፍ እንደማይወስደው ታውቃለች፤ ደግሞ ኩራቷም አለ፤ ውሃ ልክ እጇ ጠመመ ሊባል ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ፎቶ ስልኳ ላይ ታቃናዋለች፤ ምሰሶዎቹን ቀጥ ታደርጋለች፤ ጠርዙን ቆርጣ ታስተካክላለች፤ ጠማማውን ታጠፋለች፤ የቀናውን ትልካለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት እሷም ለሌላው ስትተርት ኖራለች። ለራሷ ሲሆን ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

ተራራው በበኩሉ ዝም አላለም። መንገዱ ዳር ያለችው ምንጭ ደፈረሰች። ወፎቹ ከላይኞቹ ጥዶች ላይ ጠፉ። መንገዱን አቋርጦ አንድ ስንጥቅ ተከፈተ፤ መጀመሪያ ጣት የሚያስገባ፣ በኋላ እጅ የሚያስገባ። ውሃ ልክ ስንጥቁንም አነሳችው፤ ጭጋግ ሲገባበት ያምር ነበርና። ነገር በዓይን ይገባል ይላሉ፤ የእሷ ዓይን ግን በዚያ ሰሞን ከራሷ እጅ ሌላ የሚያየው ነገር አልነበረም።

አንድ እሑድ ወንድሟ ቤት ተቀምጠው ሳለ ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ደረቷ ላይ እንደሰካች መጣች። "የጓዳዬ ግድግዳ ተሰነጠቀ" አለች። "የቤቴም በር እየነከሰ አልዘጋ አለኝ። መንገድ ሠሪዎቹ ግርጌውን ከቆረሱት ወዲህ ይሄ ተራራ አላማረኝም።"

ወንድሟ ስልኩን አወጣ። "ነይ እዪ። ይሄ የዛሬ ወር፣ ይሄ የትናንት። ምሰሶው ንቅንቅ ብሏል? ያነሳችው ደግሞ ማን ናት? ውሃ ልክ ናት እኮ። በእሷ ካላመንሽ በማን ልታምኚ ነው? ግድግዳሽማ ግንበኛው ሲሚንቶ ሰርቆበት ነው።"

ሁሉም ሳቁ። ልብስ ሰፊዋ ልቧ ስላረፈ ፎቶውን አሳጥባ ከስፌት መኪናዋ በላይ ሰቀለችው። ውሃ ልክም ደስ አላት። የደበቀችው የገዛ እጇን ሳይሆን ሌላ ነገር መሆኑን በምን ታውቃለች?

ከዚያ በኋላ ዝናቡ ሌት ተቀን ጣለ። ባባራበት ቀን ውሃ ልክ ወጣች፤ ከመታጠፊያው ላይ ቆማ አነሳች። አየሩ ታጥቦ ስለነበር ከማዶ ያለው ረጅሙ ሕንፃ እንኳ ፎቶው ውስጥ ገባ። እንደ ልማዷ እዚያው ቆማ ምሰሶዎቹን አቃናች። ሕንፃው እንደ ሰካራም ዘመመ። መልሳ ሕንፃውን አቃናች፤ ምሰሶዎቹና ጥዶቹ ሁሉ ባንድ ላይ፣ ተማክረው የተነሱ ይመስል፣ ወደ ቁልቁል ተደፉ።

ከሻርፗ ጠርዝ ክር መዘዘችና የቤቷን ቁልፍ አስራ እንደ ግንበኛ ቱንቢ አንጠለጠለችው። ቁልፉ ጥቂት ተወዛወዘና ቆመ። ጭራሽ ቀጥ ብሎ ቆመ። እጇ ምንም አልሆነም! ብቻዋን ጮክ ብላ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። በእነዚያ ወራት ሁሉ ሌሊት ጣቶቿን ስትቆጣጠር ያደረችው በከንቱ ነበር።

ከዚያ በክሩ በኩል ምሰሶውን አየችው። ከክሩ ርቋል። የሚደፋበትን አቅጣጫ በዓይኗ ተከተለች፤ ከታች የወንድሟ ጣሪያ አለ።

ጉልበቷን ረስታ ወረደች። ወንድሟ ግቢው ውስጥ ታክሲውን ያጥባል፤ ሚስቱ ልብስ ታሰጣለች።

"ተነሱ፣ ከዚህ ቤት እንውጣ" አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ። "ተራራው እየሄደ ነው። ዝናቡ ሳይመለስ እንውጣ።"

"እትዬ፣ ቁጭ በይ እስቲ። ምን ሆነሻል?"

"ምሰሶዎቹ ወዲህ ተደፍተዋል።"

"ባለፈው የላክሽልኝ ይኸው። እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ ነው።"

"እኔ አቃንቼው ነው። ሁሉንም አቃንቻቸዋለሁ። እጄ የታመመ መስሎኝ፣ እንደ እማዬ የጀመረኝ መስሎኝ ደበቅኩህ።"

ወንድሟ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጣለው። ፊቱ ተለዋወጠ፤ ግን እሷ ባሰበችው በኩል አልነበረም። ሚስቱን አያት፤ ሚስቱም አየችው። "ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለ በቀስታ፤ ሕመምተኛን በሚያናግሩበት ድምፅ። "እማዬም እኮ... ቤቱ ሊወድቅ ነው እያለች ነበር።"

"ውጣና በዓይንህ እየው።"

"እሺ፣ ነገ አየዋለሁ።"

ሊያይ እንደማይወጣ ገባት። ብትለፋ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ሰማዩ ከተራራው ጀርባ እየጠቆረ ነበር። ውሃ ልክ ቀጥ ብላ ቆመችና፣ ዕድሜዋን ሙሉ ካነሳቻቸው ሰዎች ፊት ሁሉ የከበዳትን ገጽታ ፊቷ ላይ አስቀመጠች።

"እንግዲያው ታምሜአለሁ" አለች። "እንደ እማዬ ታምሜአለሁ። ሐኪም ቤት ውሰደኝ። አሁኑኑ፤ ሚስትህም ትምጣ። ብቻዬን ከሐኪም ፊት አታስቀምጡኝ።"

ለዚህ አልተከራከረም። እርጥቡን መኪና አስነሳ። ሲወጡ ውሃ ልክ የልብስ ሰፊዋን መስኮት አንኳኳች።

"ነይ ከኛ ጋር። ፎቶዬን አትመኚው፤ ምሰሶውን ያቃናሁት እኔ ነኝ። እለምንሻለሁ፣ መኪናው ቦታ አለው።"

ልብስ ሰፊዋ ግራ ገብቷት ቀና አለች። ከውሃ ልክ ኋላ ወንድሟ ጭንቅላቱን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ ከንፈሩን መጠጠ። ልብስ ሰፊዋ አዘነች። እጇን በመስኮቱ ዘርግታ ጉንጯን ዳበሰቻት። "እግዜር ይማርሽ እህቴ። የተማሪዎቹን ዩኒፎርም ነገ ማስረከብ አለብኝ እንጂ አብሬሽ በሄድኩ። ሲመሽ እደውልልሻለሁ።"

ድልድዩን ሲሻገሩ ዝናቡ ጀመረ።

ተረኛው ሐኪም እጆቿን አስዘረጋ፣ አስጨበጠ፣ ወረቀት ላይ ክብ አሣላት። ወረቀቱን አነሳና አየው። "እማማ፣ ይሄ እጅ ከኔ እጅ ይሻላል" አለ። "ጭንቅላትዎም ቢሆን የጠየቅኩዎትን ሁሉ መልሷል።"

ወንድሟ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ፤ ዕዳ የወረደለት ሰው ሳቅ ነበር። "አስደነገጥሽን እኮ እትዬ። በይ እንግዲህ ቤታችን እንግባ።" ያሰጡት ልብስ ትዝ ብሎት ለልብስ ሰፊዋ ደወለ፤ ወሬውን ሦስቱም እንዲሰሙት የስልኩን ድምፅ ከፈተው።

"ደህና ናት አሉ? ተመስገን" አለች ልብስ ሰፊዋ። "ልብሳችሁን ላስገባ ሄጄ ነበር፤ የግቢያችሁ በር ግን አልከፈት አለኝ። መቃኑ ጨምድዶ ይዞታል። ያ ምሰሶም ጣሪያችሁ ላይ ሊተኛ ነው መሰለኝ፣ ሽቦው ረግቧል። ነገ አንድ ሰው ጥሩ።"

ወንድሟ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

"ስሚኝ" አለ። "አሁን ውጪ። ቤቱን ተይው፣ ውጪ።"

"በዚህ ዝናብ? ወዴት?"

"ተራራው ነው። እህቴ እውነቷን ነው።"

"አንተም ጀመረህ?" አለች እየሳቀች።

ስልኩን ለእህቱ ዘረጋላት። "አንቺ ንገሪያት" አለ። "አንቺን ታምናለች።"

ውሃ ልክ ተቀበለችው። "የኔ እህት፣ ምንም ሳትይዢ ውጪ። ፎቶው ውሸት ነው። ዋሽቼሻለሁ።"

"እሺ በቃ፣ ላንቺ ስል" አለች ልብስ ሰፊዋ በመጨረሻ፤ ድምጿ አሁን አይስቅም። "ዩኒፎርሞቹን ብቻ ላስትር። የሰው ልጆች ልብስ ነው።" ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጠው ሰሙ። ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ሰሙ። ውሃ ልክ ተይው፣ ተይው እያለች ትጠራታለች፤ ኮሪደሩ ላይ ያሉ ሕመምተኞች ዞረው ያዩዋታል።

ቀጥሎ ላስቲኩ ዝም አለ። ልብስ ሰፊዋ ከራቅ ካለ ቦታ፣ በረጋ ድምፅ፣ "ምንድነው እሱ?" ብላ ጠየቀች። ስልኩ ተቋረጠ።

ወንድሟ ስልኩን ከእጇ ነጥቆ ደወለ፤ አይጠራም። ደግሞ ደወለ። ሚስቱ አጠገቡ ቆማ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። ውሃ ልክ ግን ልብስ ሰፊዋ ለጠየቀችው ጥያቄ መልስ እየሰጠች ነበር። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "እኔ ነኝ፤ እኔ ነኝ" ትላለች።