የተረሳችው ፈዋሽ

ላውንደሪ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የሠራ ሰው ኪስ ሳይፈትሽ ካውያ አያነሳም። ያን ቀን ጠዋት ልጄ ለብሳው የምትወጣውን ጃኬት ልተኩስ ስል ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። የመጀመሪያው መስመር «ጠንቋዩ ጋ መሄድ ነበረባት» ይላል። እኔ ድሮም ክፉ ክፉውን ነው የማስበው፤ ስልክ ሲጠራ እንኳ «ማን ሞተ?» ብዬ ነው የማነሳው።

«የትኛው ጠንቋይ ጋ ነው የምትሄጂው?» አልኳት፣ ወረቀቱን እያወዛወዝኩ።

ከት ብላ ሳቀች። «እማዬ! የጨዋታ ጠንቋይ እኮ ነው! አብረን የምናየው ድራማ ላይ አራቱ ጓደኛሞች ገጸ ባሕርይ መርጠው ዳይስ እየጣሉ የሚጫወቱት የለም? አንዱ ጦረኛ፣ አንዱ ጠንቋይ፣ አንዷ ሌባ…»

«ሌባም አለበት?»

«…ዝምተኛዋ ደግሞ ፈዋሽ። ዛሬ ጣቢያው ሄጄ የማወራው ስለ እሷ ነው። ደራሲዎቹ ረስተዋታል።»

ይኼኛው ባሰ። የቴሌቪዥን ጣቢያው ለድራማው አንድ ተለማማጅ ጸሐፊ ይፈልጋል፤ ለፈተና ከተጠሩት ስድስት ልጆች አንዷ እሷ ናት። ይህን ዕድል ካጣች ሌላ በር የላትም።

«የሚቀጥርሽን ሰው ተሳስተሃል ትይዋለሽ? አመስግነሽ ውጪ! አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።»

«እኔ ገና ፀጉር አለኝ» ብላ ጃኬቷን ነጠቀችኝ።

ከሥራ አስፈቅጄ ተከተልኳት። የገባችው መጨረሻ ላይ ነው። ቢሮው ስለሚሞቅ በሩን ገርበብ አድርገው ስለተዉት፣ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ በክፍተቱ እያየሁ ሁሉንም እሰማለሁ።

«እስቲ፣ ድራማችን ምን ይጎድለዋል?» አሏት ዋና ደራሲዋ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሴትዮ።

ማመስገን ነው፣ ማመስገን ነው፣ አልኩ በልቤ።

«ዝምተኛዋ በመጀመሪያው ክፍል ፈዋሽነትን መረጠች» አለች ልጄ። «ፈዋሽ በእጇ ነው የምታድነው። አባቷ ሲታመም ግን ስድስት ክፍል ሙሉ በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። አንዴ እንኳ አልነካችውም። ብትነካው አይድንም፣ ሕይወት ጨዋታ አይደለማ! ግን ለምን ፈዋሽነትን እንደመረጠች ያኔ ይገባት ነበር። ጠንቋዩ ጓደኛዋ ደግሞ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነው። እሱ ጋ ሄዳ ‹አባቴ ይድናል ወይ?› ብትለው፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ‹አላውቅም› ይል ነበር።»

ያንን ድራማ እኮ አብረን፣ አንድ ሶፋ ላይ ነው ያየነው። እኔ እያለቀስኩ ካልሲ ሳጣጥፍ፣ ልጄ አጠገቤ ሆና ይህን ሁሉ ታይ ኖሯል! የወለድኳት እኔ ነኝ፤ ይኼ ዓይን ግን ከየት መጣ?

አለቀልን፣ አልኩ።

«የበሩን ትዕይንት ማነው የጻፈው?» አሉ ሴትዮዋ።

«እርስዎ ነዎት» አለ አንድ የወንድ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ።

መነጽራቸውን አወረዱ። «አባትየው አሁንም አልጋ ላይ ነው። እጇን የት ታሳርፍ? ግንባሩ ላይ?»

«እግሩ ላይ» አለች ልጄ። «ግንባር ማንም ይነካል።»

እርሳስ ወረቀት ላይ ሲሮጥ ተሰማኝ። ከዚያ፣ «ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ነይ፤ ትዕይንቱን አብረን እንጽፈዋለን» አሏት።

ልጄ በሩን ከፍታ ስትወጣ ደንግጣ አየችኝ።

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው የቆምሽው?»

ሳላስበው፣ ለትልቅ ሰው እንደሚነሳ፣ ከወንበሬ ብድግ ብዬላት ነበር።