የልብ ወለዱ ሴቶችና የኔዋ ሐረግ

ልብ ወለድ ማንበብ የጀመርኩት ትምህርት ከአራተኛ ክፍል ካቋረጥኩ በኋላ ነው። ቤታችን የተከራየ መምህር ያውሰኝ ነበር። የዚያን ጊዜ መጽሐፍ ላይ ያለችው ልጅ ታናድደኛለች። ትወዳለች፣ አትናገርም። ለማትወደው ሲድሯት ታለቅሳለች እንጂ እምቢ አትልም። መጨረሻ ላይ ሳል ይይዛትና ትሞታለች። እኔም "አፍ አልፈጠረብሽም ወይ?" እያልኩ ከወረቀቱ ጋር እጣላ ነበር።

አሁን ልጄ ሐረግ በስልኳ ነው የምታነበው። ዓይኔ ስለደከመ ጮክ ብላ ታነብልኛለች። የዘንድሮዋ ሴት መኪና ትነዳለች፣ ሱቅ ትከፍታለች። ሰውየው ካስቀየማት "በቃኝ፣ ውጣልኝ" ነው። ከወደደችውም ፊት ለፊት ትነግረዋለች። ጎሽ እላለሁ። ሐረግ ግን ስልኩን ስታስቀምጥ ያው እንደ ድሮዎቹ ናት፤ ሲጠይቋት መሬት መሬት ታያለች። እኛ የድዳዎቹን ታሪክ አንብበን አፈኛ ሆንን፤ እሷ የአፈኞቹን እያነበበች ድዳ ሆነች።

ባለፈው እሑድ ሽማግሌ ተላከባት። ልጁ እንዳልካቸው ይባላል፣ እዚሁ መካነ ሰላም ገበያው ዳር ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል። ክፉ አይደለም። ግን ሐረግን ደሴ ነርስነት እንድትማር ተቀብለዋታል፤ የምትገባው መስከረም ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ ይህችን ቀን ስጠብቅ ነው የኖርኩት።

"እምቢ በያቸው" ብላት ዝም። "እሺ ልትዪ ነው?" ብላትም ዝም።

ሽማግሌዎቹ ገብተው እንደ ወጉ ቆሙ። እሺ ሳይባሉ አይቀመጡም፣ እህል ውሃም አይቀምሱም። ትልቁ አያ አራጌ በትራቸውን ተደግፈው፣ "ልጃችሁን ለልጃችን ብለን ነው የመጣነው" አሉ። መልስ የሚሰጠው የባሌ ወንድም አወቀ ነበር። ጉሮሮውን ሲጠርግ ቀደምኩት።

"ልጅቱ ራሷ ትመልስ።"

"እት ቦጋለች፣ ይሄን ወግ ደግሞ ከየት አመጣሽው?" አሉ አያ አራጌ።

"ሽማግሌ የተላከው ለሷ ነው ለኔ?"

አንደኛው ሽማግሌ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። አወቀ በጆሮዬ "ኧረ ተይ፣ አታዋርጂን" አለኝ። አልተውኩም። ጓዳ ገብቼ ክንዷን ይዤ አወጣኋት።

"በይ ተናገሪ። አለዚያ አጎትሽ ደስ ያለውን ይመልስልሻል።"

"አብሽሪ ልጄ፣ አትፍሪ" አሏት አያ አራጌ።

ሐረግ ቀና አለች። "እወደዋለሁ" አለች። "አገባዋለሁ።"

በዚህ ቤት፣ ሽማግሌ ፊት፣ እንዲህ ተብሎ አያውቅም። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያይተው፣ ማንም ሳይጋብዛቸው ቁጭ ቁጭ አሉ።

"ትምህርቱስ?" አልኳት።

"ለከርሞ ይደርሳል፣ እማዬ።"

ለከርሞ ያሉትን አይቻለሁ። ከርሞ ሲመጣ ልጅ አዝለው ነው የሚገኙት።

"ትምህርቷን ሳትጨርስ ሰርግ የለም" አልኩ፣ ለሁሉም።

አያ አራጌ በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። "ራሷ ትመልስ አላልሽም ወይ፣ እት ቦጋለች? መለሰች እኮ።"

አወቀ ጥርሱ አልከደን አለ። እኔ እየተብሰከሰክሁ ጠላ ልቀዳላቸው ጓዳ ገባሁ።