የአክስት ኤደልሚራ ተረከዝ

በኮሎምቢያዋ ባራንኪያ ከተማ ውስጥ አንዴ የወጣ ቅጽል ስም በጸበልም አይለቅም። ኑቢያ ኤስቴላ ጫማ መሸጫ ሱቅ ውስጥ በሠራችባቸው ዓመታት ሁሉ ባልደረቦቿ የሚጠሯት «ታንኳ» እያሉ ነበር፤ ከሱቁ የሴት ጫማዎች አንዱም እግሯ አይገባምና።

አርባን ስትሻገር ሱቁ ተዘጋ። ያኔ አንዷ ባልደረባዋ፣ «ታንኳዬ፣ ትልቅ እግር ሲያዩ ቀልባቸው የሚጠፋ ወንዶች እንዳሉ ታውቂያለሽ?» አለቻት። ኑቢያ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ቀልድ አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ ከጓሮዋ ዛፍ ረግፎ የሰነበተ ማንጎ በባዶ እግሯ ስትረግጥ የሚያሳይ ቪዲዮ፣ ለአዋቂዎች ብቻ በተፈቀደ ድረ ገጽ ላይ እየሸጠች ደህና ኑሮ መኖር ጀመረች።

ከጉልበቷ በላይ አታሳይም። ፊቷንም ስሟንም የሚያውቅ ደንበኛ የለም። «እንገናኝ» የሚላትን አንዴ «አይሆንም» ትለዋለች፤ ከደገመ በሩን ትዘጋበታለች። የውሸት ፍቅርም አትሸጥም። ፍቅር ይዞኛል ብሎ የጻፈላትን አንዱን፣ «ወንድሜ፣ የምሸጠው እግር ነው፤ ልቤን ገበያ አላወጣሁትም» አለችው። ሰውየው አፈረ፣ አመሰገናት፣ ደንበኝነቱንም አልተወም።

አብረዋት የሚኖሩት አክስቷ ኤደልሚራ ሥራዋን ያውቃሉ። ከሰው አፍ ከሚሰሙ ብላ ገና ስትጀምር ነግራቸዋለች። አክስትየው አማተቡና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ማንጎው የሚበላ ነው?»

«የበሰበሰ ነው።»

«እንግዲያ እኔን ምን ቸገረኝ!»

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ኑቢያ ስትቀርጽ፣ አክስቷ የታጠበ ልብስ ሊያሰጡ በባዶ እግራቸው ከኋላዋ አለፉ። ኑቢያ ልብ አላለችም፤ ቪዲዮውን ለቀቀችው። ምሳ ሳይደርስ መልእክቱ ጎረፈ። «ከኋላ ያለፈችው ማን ናት?» «ያ ተረከዝ ይደገም!» የቆየ ደንበኛዋ፣ እሷ በልቧ «ሒሳብ ሹሙ» የምትለው ሰው፣ «የሴትዮዋን ብቻ ቅረጪልኝ፤ ዋጋውን አንቺ ጥሪ» አላት።

ኑቢያ ቪዲዮውን መልሳ ስታየው ክው አለች። ወዲያው አወረደችው። ለገዙት ሁሉ፣ «ፈቃዷን ያልጠየቅኳት ሴት ገብታበታለች። እባካችሁ አጥፉልኝ፤ ሌላ እሠራላችኋለሁ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። አክስቷ የዓሣ ሾርባ እየጠጡ ነበር።

«አክስቴ፣ አንድ ነገር አጥፍቻለሁ።»

«ጋዙን ሳታጠፊ ወጣሽ?»

«አይደለም። ልብስ ሲያሰጡ እግርዎ ቪዲዮው ውስጥ ገብቷል። ሳላስተውል ለቀቅኩት።»

አክስትየው ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ፊቴስ?»

«የለም፤ ከቁርጭምጭሚት በታች ብቻ ነው። አውርጄዋለሁ፤ ያዩት ግን አሉ።»

ኑቢያ ለቁጣው ተዘጋጀች።

«እና ምን አሉ?»

«እነማን?»

«ወንዶቹ ናቸዋ!»

ኑቢያ ስልኳን አወጣች። «አንዱ፣ ‹እንደ ትልቅ ዛፍ ሥር ግርማ ያለው ተረከዝ› ይላል።»

አክስት ኤደልሚራ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «አይ ዳማሶ! ነፍሱን ይማረውና፣ ባሌ ዕድሜውን ሙሉ ‹በተረከዝሽ አንሶላውን ቀደድሽው› ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም እኮ!»

«ሌላው ደግሞ የእርስዎን ብቻ ይፈልጋል፤ ዋጋ ጥሪ ብሏል። ይፍቀዱልኝ ማለቴ አይደለም። የእርስዎ ጉዳይ ስለሆነ ልደብቅዎ አልወደድኩም።»

አክስትየው እግራቸውን ከጠረጴዛው ሥር አውጥተው አገላብጠው አዩት።

«ስላንቺ ስል እሺ እል ነበር። ግን ልቤ አልወደደውም።»

«ካልወደደው አበቃ።»

«ለምን አትዪኝም?»

«እኔ ለደንበኞቼ ምክንያት አልሰጥም፤ እርስዎ ለምን ይሰጡኛል?»

«ጎሽ!» አሉ አክስትየው፤ ሾርባም ጨለፉላት።

ሒሳብ ሹሙ ግን «አይሆንም» ብትለውም አልተዋትም፤ ደግሞ ለመናት። ኑቢያም እንደ ደንቧ ዘጋችው። ጥሩ ገዢ ነበር፤ ቢሆንም አልቆጫትም። ከቀሩት ብዙዎቹ አጥፍተናል አሏት። አንዱማ «እኔም አክስት አለኝ፤ ደግ አደረግሽ» ብሎ ጽፎላት፣ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏት ዋለች። ያላጠፋ እንደሚኖር አልጠፋትም፤ ይህንንም ለአክስቷ ሳትደብቅ ነገረቻቸው። «እንግዲህ ተረከዜ ዓለም ይዙር፤ እኔ ባልሄድ እሱ ይሂድልኝ» አሉ አክስትየው።

ከዚያ ወዲህ ኑቢያ መቅረጽ ከመጀመሯ በፊት የጓሮውን በር ቆልፋ፣ «ሥራ ጀመርኩ!» ብላ ትጮኻለች። አክስቷም ከውስጥ፣ «እግሬን አልሰጥም!» ብለው ይመልሳሉ። አንድ ቀን ጎረቤታቸው ኦቱሊያ በአጥር በኩል፣ «ኤደልሚራ፣ ጠዋት ጠዋት የምትጮኹት ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ጸሎት ነው» አሉ አክስት ኤደልሚራ፤ የሚሰጣውን ልብስ ይዘው በጓሮው ፈንታ በፊት በር ወደ ደጅ ወጡ።