የዱብራቪን ፊርማ አሥራ አንድ ምልክቶች

ቬኒያሚን ሳቬልየቪች ክሩግሎቭ ተሳስቶ አያውቅም። ይህን የሚለው እሱ ራሱ ነው፤ ሌሎቹም ደፍረው አልተቃወሙትም። ሞስኮ ውስጥ ሐሙስ ሐሙስ ከሚገናኙት ሰብሳቢዎች መካከል «ጠፈር ደርሶ የተመለሰ ፖስታ አለኝ» የሚል ሁሉ መጀመሪያ በእሱ አጉሊ መነጽር ሥር ማለፍ ነበረበት። «እውነተኛ» ካለ የምስክር ወረቀት ጽፎ ይፈርማል፤ ባለቤቱም ፊቱ እንደበራ ወደ ቤቱ ይሄዳል። «ፎርጅድ» ካለ ደግሞ ከቦርሳው ቀይ ማኅተም ያወጣና፣ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ የፖስታው ጀርባ ላይ ጠቅ ያደርጋል። ቀለሙ በውሃም በአልኮልም አይለቅም። ሌላ ሞኝ እንዳይሸወድበት ነው። በዚህ ማኅተም የተነሳ ሁለት ጊዜ በጥፊ ተመትቷል፤ ሁለቱንም ጥፊዎች እንደ ሜዳልያ ይቆጥራቸዋል።

ከሁሉም በላይ የሚኮራው ግን በመጽሐፉ ነው። ከመጽሐፉ ውስጥ አርባ ገጽ ያህሉ ስለ አንድ ሰው ፊርማ ብቻ ያወራል። ሰውየው ጠፈርተኛው ግሌብ ዱብራቪን ነው፤ በሶቭየት ዘመን ማብቂያ ላይ ስድስት ወር በጠፈር ጣቢያ ቆይቶ፣ የጣቢያውን የፖስታ ማኅተም በኃላፊነት ይዞ፣ ፊርማው ያለባቸው በመቶ የሚቆጠሩ ፖስታዎች ላይ ሲመታ ኖሮ የተመለሰ። ከሞተ አሥር ዓመት ሆኖታል። እሱ ከሞተ ወዲህ ገበያው በውሸት ዱብራቪኖች ስለተጥለቀለቀ ቬኒያሚን እውነተኛውን ፊርማ ከውሸቱ የሚለዩ አሥራ አንድ ምልክቶች አወጣ። የመጀመሪያው ፊደል እንደ እንቁላል ተገጥሞ ይዘጋል፤ የመጨረሻው ጭራ ከመስመሩ በታች አይወርድም፤ ወዘተ። በምዕራፉ መዝጊያ ላይም ሆዱ ባብቶ እንዲህ ብሎ ነበር፦ «ይህ ምድርን ከላይ ሆኖ ያየ ሰው እጅ ነው። የተረጋጋ፣ የማይርበተበት፣ የወንድ እጅ፣ የአብራሪ እጅ።» ሁለተኛው እትም አሁን ማተሚያ ቤት ገብቷል።

እንግዲህ ከሦስት ሳምንት በፊት የዱብራቪን የልጁ ባል ኤዲክ የሐሙሱ ክበብ ድረስ መጥቶ ወሬውን ሲነግረው ቬኒያሚን ምግብ አልወርድለት ማለቱ አያስገርምም። ዱብራቪን ጣቢያው ላይ ሆኖ ለሚስቱ የጻፈው፣ እዚያው ማኅተም የተመታበት፣ ሙሉ ደብዳቤ አለ! ባዶ ፖስታ ሞልቷል። እዚያ ላይ ተጽፎ የወረደ ደብዳቤ ግን በየትኛውም ሰብሳቢ እጅ የለም። ኤዲክ ከሀምቡርግ ገዢ አግኝቷል፤ ገዢው የክሩግሎቭ ምስክር ወረቀት ከሌለ አልነካውም ብሏል። አማቱ፣ የዱብራቪን ሚስት ታይሲያ ፕሮኮሮቭና ደግሞ ዓመት ሙሉ እምቢ ብለው ሲያበቁ በመጨረሻ ተሸንፈዋል።

«‹እሺ፣ ክሩግሎቭ የሚባሉት ሰውዬ ይዩት› አሉኝ» አለ ኤዲክ መኪናውን ወደ ጠፈርተኞቹ መንደር እየነዳ። «‹እውነተኛ ካሉት ውሰድና ሽጠው። ፎርጅድ ካሉት ግን ዳግመኛ ስሙን እንዳታነሳብኝ።› ቃላቸው ነው፤ እኔም ቃሌን ሰጥቻለሁ። እርስዎን የመረጡት ራሳቸው ናቸው እኮ! መጽሐፍዎን ገዝቼ ሰጥቻቸው፣ ቁጭ ብለው ከዳር እስከ ዳር አነበቡት።»

ቬኒያሚን በመስኮቱ ወደ ጥድ ዛፎቹ ዞረ፤ ፈገግታው እንዳይታይበት ነው።

ታይሲያ ፕሮኮሮቭና ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ አጠር ያሉ፣ ጀርባቸው ቀጥ ያለ ሴት። እጁን ሲዘረጋላቸው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። «ደፍ ላይ አይጨበጥም፣ ገድ ያበላሻል፤ ይግቡ። የእንግዳ ጫማው እዚያ አለ፤ ሰፊውን ይውሰዱ።» ጠረጴዛው ላይ ጎመን ተሞልቶ የተጋገረ ፒሮግ የሚሉት ዳቦ፣ ማርማላታ፣ ሻይ፣ ከመሀል ደግሞ አንድ ፖስታ ተቀምጧል። ኤዲክ አንድ ጊዜ ፖስታውን፣ አንድ ጊዜ ቬኒያሚንን አየና «ልቤ አይችልም፣ ታች ወርጄ ላጭስ» ብሎ ወጣ።

ቬኒያሚን ነጭ ጓንቱን አጠለቀ። ማኅተሙ እውነተኛ ነበር። ጠርዙ ላይ ያቺ የታወቀችው ሽርፋት አለች፤ ከነሐሴ ወር አጋማሽ በኋላ በተመቱት ሁሉ ላይ የምትታይ። ማኅተሙ በጥቃቅን የሕዋ ድንጋይ ተመትቶ ሳይሆን አይቀርም ብሎ እሱ ራሱ ሁለት ገጽ የጻፈላት ሽርፋት ናት። ከዚያ ፊርማውን አየ። የመጀመሪያው ፊደል አፉን ከፍቷል። ጭራው ቁልቁል ወርዶ አድራሻው ውስጥ ገብቷል። ከአሥራ አንዱ ምልክቶች አንድም የለም፤ ለወጉ እንኳ አንድ!

ሊያለቅስ ደረሰ። ከዚያ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለው። የዱብራቪንን ሚስት እንኳ የሸወደ አጭበርባሪ ክሩግሎቭን አልሸወደም ማለት ነው።

«ታይሲያ ፕሮኮሮቭና፣ ይበርቱ» አለ ጓንቱን እያወለቀ። «ፎርጅድ ነው። አንዱ ማኅተም ያለበት ባዶ ፖስታ አግኝቶ በኋላ ጽፎበታል። የተለመደ ብልጠት ነው።»

«ፎርጅድ ነው?» አሉ ታይሲያ። «እንግዲህ ምን ይደረጋል። ፒሮጉን ከጫፉ ነው ከመሀሉ የሚወዱት?»

ቬኒያሚን ይህን አልጠበቀም። እንባ ለምዷል፣ እርግማን ለምዷል፤ ፒሮግ ግን አልለመደም። ቅር እያለው ቦርሳውን ከፈተና ቀዩን ማኅተም አወጣ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ጀርባው ላይ ምልክት ላድርግበት ነው። ሌላ ሰው እንዳይታለል...»

ፒሮጉን ሊቆርሱበት ያነሱት ቢላዋ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። አሮጊቷ የእጁን አንጓ ጨምድደው ያዙት። «እጅህን ሰብስብ! ይህን ቀይ ነገር በባሌ ደብዳቤ ላይ ታሳርፍና ወየውልህ!»

«የባልዎ አይደለም እያልኩ እኮ ነው! ይህን የጻፈው ሰው ብዕር መያዝ እንኳ አይችልም!»

«እሱስ እውነትዎን ነው» አሉ ታይሲያ፤ እጁን ግን አልለቀቁም። «ግሌብ ብዕር መያዝ አይችልም ነበር።»

ማኅተሙን ከጣቶቹ ፈልቅቀው ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ከመደርደሪያው የእሱን መጽሐፍ አወረዱ፤ በየገጹ መሀል የወረቀት ቁራጭ ተሰክቶበታል። አርባዎቹን ገጾች ገልጠው አሥራ አንዱን ምልክቶች ፊቱ ዘረጉለትና ብዕር አንስተው፣ ከሻይ ማንቆርቆሪያው ሥር የተነጠፈው ጋዜጣ ጠርዝ ላይ፣ መጽሐፉን ሳያዩ ፈረሙ።

ቬኒያሚን አጎነበሰ። እንቁላሉ ተገጥሟል። ጭራው መስመሩ ላይ ቀርቷል። አሥራ አንዱንም ቆጠረ፤ እንደገና ቆጠረ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት አንደኛ ክፍል ያሉ ልጆችን የእጅ ጽሑፍ አስተምሬያለሁ» አሉ ታይሲያ። «ከመብረሩ በፊት አንድ ሺህ ፖስታ ፈርም ብለው አመጡለት። አሥራ አምስት ፈረመና ብዕሩን ወረወረ። ‹ታያ፣ መንኮራኩር በእጄ አሳርፋለሁ፣ ይህን ግን አልችልም፣ በሞቴ ፈርሚልኝ› አለኝ። እዚህችው ጠረጴዛ ላይ ሳምንት ሙሉ ስፈርም ከረምኩ፤ አሥራ አምስቱንም ስለሚያሳፍሩ ምድጃ ውስጥ ከተትኳቸው። ከዚያ ይኸው ኤዲክ መጽሐፍዎን ያመጣልኛል፤ ‹የወንድ እጅ፣ የአብራሪ እጅ› ይላል! አፈር ልብላ፣ እንዲያ ስቄ አላውቅም። ጎረቤቴ መጣች፣ ምን ሆነሻል ብላ።»

ቬኒያሚን አልሳቀም። ቤቱ አልበም ውስጥ ያሉትን አርባ አንድ ዱብራቪኖቹን እያሰበ ነበር። አርባ አንዱም ታይሲያ ናቸው።

«ያንብቡት» አሉና ከፖስታው ውስጥ ወረቀቱን አውጥተው ሰጡት። ፖስታው በወጥ ቤት መቀስ ተቆርጦ የተከፈተ ነው።

ዶሮ የጫረው በሚመስል ጽሑፍ እንዲህ ይል ነበር፦ «ታያ፣ ዛሬ ሁለት መቶ ፖስታ ላይ ማኅተም ስመታ ዋልኩ። ማኅተሙ አምልጦኝ ተንሳፈፈና ከመጸዳጃው በር ጋር ተላትሞ ጠርዙ ተሸረፈ። ለማንም አትንገሪ፣ ይቆጡኛል። አንቺ የፈረምሽባቸው ሲያምሩ! ባልደረባዬ ‹እጅህ ምንኛ ያምራል› አለኝ፤ እኔም አመሰግናለሁ ብዬ ዝም አልኩ። ከመስኮቱ ቤታችንን ፈልጌ አጣሁት፤ ደመና ነው። እዚህ ላይ ስሜን በገዛ እጄ የጻፍኩት ላንቺ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አስቀያሚነቱን ቻይው። ቲማቲሙን ውሃ አጠጪ።»

«ይዞት ወረደና በእጁ አልሰጠኝም» አሉ ታይሲያ። «ደብዳቤ በፖስታ ነው የሚመጣ ብሎ ቴምብር ለጥፎ ጓሮ ያለው የፖስታ ቤት ሳጥን ውስጥ ጨመረው። በሦስተኛው ቀን ሾርባውን እየጠጣ ‹ሂጂ እስቲ የቤታችንን ሳጥን እዪ፣ ደብዳቤ መጥቶልሽ ይሆናል› አለኝ።»

ቬኒያሚን ዕድሜ ልኩን ሲፈልግ የኖረው ይህን ነበር። ጠፈር ደርሶ የተመለሰው ብቸኛው እውነተኛ የዱብራቪን ፊርማ በእጁ ነው። ለሐሙሶቹ ሰዎች መጮህ አማረው። ወዲያው ደግሞ ገባው፦ «እውነተኛ» ካለ ደብዳቤው ሀምቡርግ ይሄዳል፣ ይታተማል፣ ዓለም ሁሉ ያነበዋል፤ የክሩግሎቭ መጽሐፍም ለአሥራ አንዱ ምልክቶቹና ለሕዋ ድንጋዩ መሳቂያ ይሆናል።

«እርስዎ... ፎርጅድ እንደምለው ያውቁ ነበር» አለ።

«አለዚያማ ለምን እመርጥዎታለሁ?» አሉ ታይሲያ። «እንደርስዎ እርግጠኛ ሆኖ የሚሳሳት ሰው ከየት ይገኛል። አሁን አንዴ ፎርጅድ ብለዋል፣ በዚያው ይጽኑ። የሚጎዳ ሰው የለም። እኔ ደብዳቤዬ ይቀርልኛል፣ እርስዎ መጽሐፍዎ።»

እውነት ነው፤ የሚጎዳ ሰው አልነበረም። ለዚህም ይሆናል እንዲህ ያመመው። በሕይወቱ የመጀመሪያውን ውሸት የሚጽፈው ካያቸው የዱብራቪን ፖስታዎች ሁሉ በብቸኛው እውነተኛ ላይ ነው። ቅጹን አወጣ። «ከላይ የተገለጸው ፖስታ ፎርጅድ መሆኑን አረጋግጣለሁ» ብሎ ጻፈና ፈረመ።

ኤዲክ ሲገባ ከፊታቸው ነገሩን ተረዳ። ወረቀቱን አነበበ፤ ትከሻው ወረደ። ከዚያ ዓይኑ ከታች ያለው ፊርማ ላይ ቀረ። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን መጽሐፍ አነሳና የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠ፤ ቬኒያሚን በስሙ የውሸት ምስክር ወረቀት እንዳይሠራ ፊርማውን ለናሙና ያሳተመበትን ገጽ።

«ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?» አለ። «አይመስልም እኮ! መጽሐፉ ላይ እንደ ክር ቀጥ ያለ ነው፤ ይህ ይንቀጠቀጣል። ማማ፣ ምን አድርገው ነው ያስፈረሟቸው? በማርማላታ ነው የገዟቸው?»

«አንተ ባለጌ!» አሉ ታይሲያ።

«ሌላ ልጻፍልህ» አለ ቬኒያሚን። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ባሰ። ጣቶቹ የሱ አልመስል አሉት።

ኤዲክ ራሱን ነቀነቀ። «ይቅርታዎን፣ ቬኒያሚን ሳቬልየቪች፣ እኔ ይህን አልቀበልም። ፒተርስበርግ ሌላ መርማሪ አለ። ነገ ፖስታውን ይዤ እሄዳለሁ።»

ታይሲያ ፕሮኮሮቭና ቀስ ብለው ተነሱ። «ጓዳ ገብተህ ለእንግዳው ሻይ ሳታሞቅላቸው እጃቸው ባይንቀጠቀጥ ነው የሚገርመኝ። ሂድ፣ ማንቆርቆሪያውን ጣድ። ሲፈላ ትመጣለህ፤ ያኔ ሦስተኛ ይጽፉልሃል።»

ኤዲክ እያጉረመረመ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ሄደ። ከጓዳ የክብሪት ድምፅ እንደተሰማ ታይሲያ አዲስ ቅጽ ከቬኒያሚን ፊት ሳቡ፤ ከመጀመሪያው ወረቀት ቃል በቃል ገለበጡት። መጽሐፉ ላይ ያለውን የቬኒያሚንን ፊርማ አንዴ ብቻ አዩ። ብዕሩን አነሱ።

«ታይሲያ ፕሮኮሮቭና...» አለ ቬኒያሚን በሹክሹክታ።

«ዝም ይበሉ። ልጅ ሳለሁም እያወሩብኝ መጻፍ አልወድም ነበር።»

ኤዲክ ሲመለስ ወረቀቱ ቬኒያሚን ፊት ነበር። አጉሊ መነጽሩን ከጠረጴዛው አንስቶ፣ መጽሐፉን ከጎኑ አድርጎ፣ ልክ ቬኒያሚን እንደሚያደርገው አጎንብሶ እያንዳንዷን ኩርባ አስተያየ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ተንፍሶ ቀና አለ።

«ይኸው» አለ በሀዘን። «ይህማ ያስታውቃል። ይህ እርግጠኛ የሆነ ሰው እጅ ነው። የእርስዎ ነው አይደል?»

ቬኒያሚን ፊርማውን አየው። አንድም የተንቀጠቀጠ ነገር አልነበረውም። በአርባ ዓመት ውስጥ ስሙን እንዲህ አሳምሮ ጽፎ አያውቅም።

«አዎ» አለ። «የኔ ነው።»