ዶኛ ሜንሲያ ከወይራው ሥር

የጉቲዬሬ አባት ሲሞት ርስቱ እንዳለ ለበኩሩ ለሎፔ ሆነ፤ ደንቡ ነው። ሎፔም የበግ ጠጉር በፍላንደርስ አገር ገበያ እንደ ጉድ እየተሸጠ መሆኑን ሲሰማ ጭሰኞቹን አባሮ እርሻውን ሁሉ ግጦሽ አደረገው። ለእናቱና ለታናሽ ወንድሙ ለጉቲዬሬ የተረፋቸው ትሩሂዮ ከተማ ውስጥ ያለው የሚያፈስ ቤትና የጨዋ ዘር የሚለው ስም ብቻ ነበር። ያ ስም ደግሞ ጦም ያሳድራል፤ ጨዋ በእጁ ሠርቶ ከታየ ጨዋነቱ አበቃለታ። አናጢው ይጠርባል፣ ነጋዴው ይነግዳል፤ ጉቲዬሬ ሰይፉን ታጥቆ አደባባይ ይንጎራደዳል።

በዚያ ኅዳር ረኃቡ ሲብስ ዘዴ ዘየደ። ሰኞ "አደን ሄጃለሁ" ብሎ ይወጣና ማንም በማያውቀው ሩቅ መንደር፣ ስሙን ለውጦ፣ እስከ ቅዳሜ በቀን ምንዳ የወይራ ፍሬ በዘንግ ያራግፋል። እናቱ ዶኛ ሜንሲያም "እኔም ጓዳሉፔ ገዳም ሱባኤ እገባለሁ" አለችው። ደስ አለው፤ የት ነበርክ ባይ አይኖርም።

በሦስተኛው ሳምንት አዲስ ለቃሚ ሴቶች መጡ። አንዷ እሱ ከሚያራግፈው ዛፍ ሥር ተንበርክካ ስትለቅም መከናነቢያዋ ከፊቷ ተንሸራተተ። እናቱ ናት። ሁለቱም ሥራቸውን አቁመው ተያዩ።

አለቃው ቶሪቢዮ ከኋላ ደረሰ። «እሜቴ፣ ትራስ ላምጣልዎት እንዴ? ጉልበትዎን እንዳያምዎት።» ሴቶቹ ሳቁ። «እጇንማ እዩልኝ፣ ቅቤ! አንተ፣ አነጋገርህ የትሩሂዮ ነው፤ እሷም ከዚያው ነኝ ትላለች። ታውቃታለህ?»

«አላውቃትም» አለ ጉቲዬሬ። ይህ አንሶት ከሴቶቹ ጋር አብሮ ሳቀ።

«እኔም አላውቀውም፣ ጌታዬ» አለች ዶኛ ሜንሲያ፤ ወደ ለቀማዋም ተመለሰች።

ቅዳሜ ቤት ሲገባ ቀድማው ደርሳ የሽምብራ ሾርባ አቅርባ ነበር። ጣቶቿ ተሰነጣጥቀዋል። እግሯ ላይ ሊወድቅ አስቦ መጥቶ ነበር፤ ግን ቁጭ ብሎ በላ። ዳቦውን ስትቆርስ ትልቁን ለሱ ሰጠችው፤ በጥፊ ብትመታው በስንት ጣዕሙ።

«ሰኞ አብረን እንሂድ» አለች። «ልጄ ነው እላለሁ። ይሳቁ፤ ሲበቃቸው ይተዉታል።»

«ጎረቤት ቢሰማስ? ስማችንስ?»

የቀረውን ዳቦ ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት።

«ሴቪሊያ ወደብ ወርጄ መርከብ እሳፈራለሁ፣ እናቴ» አለ አቀርቅሮ። «ባሕር ማዶ ወርቅ አለ ይላሉ። ባይኖርም አፈር ቆፍሬ አድራለሁ፤ እዚያ የሚያውቀኝ የለም።»

«እዚህስ ማን አውቆህ ነው?» አለች ዶኛ ሜንሲያ፣ ሳህኑን እያነሳች።

ሰኞ ጠዋት ሎፔ አደባባይ ላይ ወንድሜ ወርቅ ሊያመጣልን ነው እያለ ሲያወራ፣ ጉቲዬሬ የሴቪሊያን መንገድ ይዞ ነበር። ዶኛ ሜንሲያም ለጎረቤት ሱባኤ እገባለሁ ብላ፣ ብቻዋን ወደ ወይራው ሄደች።